ፊቱ ቅስት የሆነ ስላብ፦ ፎርሙ ሆዱ ሳይነፋ እንዴት ይጣበቃል?

ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧ ሥር የሚሆን ትንሽ የማጠቢያ ስላብ መሙላት ቀላል ይመስላል። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ እውነትም ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው «ፊቱን ቅስት እናድርገው» ሲባል ነው። ጣውላው ይታጠፋል፣ በችካል ይደገፋል፣ ኮንክሪቱ ይፈሳል። ከዚያ መሃሉ ላይ ሆዱን ነፍቶ ይወጣል። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ነፋብኝ። አናጢው «ምንም አይል፣ በልስን ይስተካከላል» አለኝ። አልተስተካከለም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በኮንክሪቱ ክብደት ያሳብባል። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይልም። 10 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው እርጥብ ኮንክሪት አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 12 ኪሎ ገደማ ነው። ይሄን ማንም ይሸከመዋል። ፎርሙን፣ ማለትም ኮንክሪቱን የሚይዘውን የጣውላ ቅርጽ፣ የሚከፍተው ችካሉ የቆመበት አፈር ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በገላን፣ በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ በበጋ ይሰነጠቅና ችካሉን ይለቀዋል፤ በክረምት ደግሞ ይለሰልስና ችካሉ ያዘነብላል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ነገር አንድ ነው፦ ጣውላዎቹ አፈሩን ተማምነው አይቁሙ፣ እርስ በርሳቸው ይያያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 20 ሴ.ሜ ውፍረት ላይ በሜትር 48 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። እዚህ የምሰጣችሁ ልኬት መሬት ላይ ለሚሞላ 10 ሴ.ሜ ስላብ ነው። ከፍ ብሎ ለሚንጠለጠል ስላብ፣ ለበረንዳ ወይም ለሮቶ ማማ አትጠቀሙበት። ያ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

የምንሠራው ስላብ

ጀርባው 1.50 ሜትር፣ ጎኖቹ 1 ሜትር ናቸው። ፊቱ ከጎኖቹ ጫፍ ተነስቶ መሃሉ ላይ 25 ሴ.ሜ ወደ ፊት ይወጣል። ውፍረቱ 10 ሴ.ሜ ነው። ሲሞላ 420 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሌላ ቦታ ሞልቶ ማምጣት የለም። እዚያው ቦታው ላይ ነው የሚሞላው።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አሟሉ

ኮንክሪት ከተበጠበጠ በኋላ ሚስማር ፍለጋ ሱቅ መሮጥ የለም። እነዚህ ቀድመው ግቢ ይግቡ፦

- 2.5 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ፣ 10 ሴ.ሜ ስፋት ተሰንጥቆ፦ አንድ 1.50 ሜትር፣ ሁለት 1.15 ሜትር
- ባለ 18 ሚ.ሜ ፕላይውድ፦ 165 በ35 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት ቁራጮች
- ባለ 6 ሚ.ሜ ፕላይውድ፦ 10 ሴ.ሜ ስፋት ያላቸው ዝርግ ቁራጮች
- 5 በ7 ሴ.ሜ ሞራሌ፦ ለቀንበር 1.65 ሜትር የሆኑ አራት (አንዱ ተጠባባቂ)፣ ለተረከዝ የሚሆኑ ቁርጥራጮች (ቀንበርና ተረከዝ ምን እንደሆኑ ደረጃ 7 ላይ አለ)
- ከደረቅና ጠንካራ እንጨት የተቆረጡ ቢያንስ 8 ሽብልቆች
- ባለ 14 ወይም ባለ 16 ሚ.ሜ ፌሮ፦ 60 ሴ.ሜ ርዝመት፣ አሥር ቁራጭ (ለችካል)
- ባለ 8 ፌሮ፣ ጥቁር ሽቦ፣ የእንጨት ብሎን፣ ሚስማር፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ መዶሻ፣ ጉጠት
- አንድ ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማለትም ሁለት ከረጢት

ሽብልቁን ከተረፈ የባሕር ዛፍ ቁራጭ መሥራት ይቻላል፤ ግን ደረቅ ይሁን። እርጥብ ሽብልቅ ማታ ጠብቆ ያድርና ጠዋት ልል ሆኖ ይገኛል። 18 ሴ.ሜ ርዝመት ላይ 3 ሴ.ሜ ከፍታ እንዲኖረው ቁረጡት። ከዚህ በላይ ሹል ዳገት ካደረጋችሁት መዶሻ በነካ ቁጥር ተንሸራቶ ይወጣል።

ፋብሪካ የሠራው ረጅም ክላምፕ ካላችሁ በሽብልቁ ፋንታ ተጠቀሙበት። ግን ለአንድ ስላብ ብላችሁ አትግዙ። ከንፈሩ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ፤ በእጅ እስኪቆም አጥብቁ፤ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ።

ደረጃ 2፦ መሬቱን አዘጋጁ

ጥቁሩን አፈር አውጡ። በሰሌክት (ለመሙያ በሚመጣ የተመረጠ አፈር) ወይም በጠጠር ሙሉና እየረጫችሁ ጠቅጥቁ። ወለሉ ከጀርባ ወደ ቅስቱ 2 ሴ.ሜ ያዘንብል፤ ውሃው ወደ ፊት እንዲወርድ። የተጠቀጠቀው ቦታ ከስላቡ በየአቅጣጫው 50 ሴ.ሜ ይስፋ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፎርሙ የሚቀመጠው ከስላቡ ውጭ ስለሆነ ያልተጠቀጠቀ አፈር ላይ ከቆመ አንድ ጎኑ ይሰምጣል።

ደረጃ 3፦ ቅስቱን ንደፉ

ለማንኛውም ቅስት ራዲየሱን እንዲህ ታገኛላችሁ፦ የቅስቱን ወርድ በራሱ አባዙ፣ ለስምንት እጥፍ ሆዱ (መሃሉ ወደ ፊት ለሚወጣበት ልክ) አካፍሉ፣ የሆዱን ግማሽ ደምሩ። በእኛ ልኬት 1.50 በ1.50 ሲባዛ 2.25 ነው። ለ2 ሲካፈል (8 ጊዜ 0.25) 1.125፤ ሲደመር 0.125። ራዲየሱ 1.25 ሜትር ሆነ።

በዚህ ልኬት አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። የክቡ ማዕከል በትክክል የጀርባው መስመር መሃል ላይ ያርፋል። ስለዚህ ማዕከል ፍለጋ መንከራተት የለም። እዚያ ላይ ሚስማር ምቱና ክቡን አዙሩ።

በስፓጎ ግን አታዙሩ። ይለጠጣል። ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ እንደ ኮምፓስ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ኮርቻውን ሥሩ

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ ረጋ በሉ።

የታጠፈ ጣውላ ላይ ክላምፕም ሽብልቅም አይቆምም። ፊቱ ያዘመመ ስለሆነ ባጠበቃችሁት ቁጥር ወደ ጎን ይንሸራተታል። መፍትሔው ከቅስቱ ውጭ ባንድ በኩል ቅስት፣ በሌላው በኩል ቀጥ ያለ ደጋፊ ማስቀመጥ ነው። እኔ ኮርቻ እለዋለሁ። ውስጡ የስላቡን ሆድ ያቅፋል፤ ቀጥ ያለው ጀርባው ለሽብልቁ ይመቻል።

1. በሁለቱ ባለ 18 ሚ.ሜ ፕላይውዶች ላይ ቅስቱን ንደፉ። ራዲየሱ 1.25 ሳይሆን 1.262 ሜትር ይሁን። ውስጡ ላይ የሚለጠፉት ሁለት ባለ 6 ሚ.ሜ ንብርብሮች 1.2 ሴ.ሜ ይበላሉ። ይሄን የረሳ ሰው ስላቡ አጥሮ ያገኘዋል።
2. ሁለቱን አንድ ላይ ደርባችሁ ቁረጡ። ለየብቻ ከቆረጣችኋቸው አይገጥሙም።
3. ቅስቱ ሆዱ ጋ ሲደርስ ከኋላው የሚቀረው ፕላይውድ 9 ሴ.ሜ ገደማ ይሁን።
4. አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ አድርጋችሁ መሃላቸው 6.4 ሴ.ሜ ቁመት ያላቸውን እንጨቶች በየ25 ሴ.ሜ አስገቡና በብሎን እሰሩ። ጠቅላላ ቁመቱ ልክ 10 ሴ.ሜ ይመጣል።

አንዱ እንጨት የግድ ከመሃሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከመሃሉ ግራና ቀኝ 50 ሴ.ሜ ላይ ይሁኑ። ሽብልቆቹ የሚገፉት እዚያ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ከገፉ ፕላይውዱ ይሰበራል።

ደረጃ 5፦ የታጠፈውን ፊት ለጥፉ

ባለ 6 ሚ.ሜ ፕላይውዱን ስትሰነጥቁ የላይኛው የእንጨት መስመር በቁመት (ከታች ወደ ላይ) እንዲሆን አድርጉ። እንዲያ ሲሆን በቀላሉ ይታጠፋል። በርዝመቱ ከሆነ እየተንጠራራ ይሰነጠቃል። መደበኛው ሉህ 122 በ244 ስለሆነ በ122ቱ በኩል ነው የምትሰነጥቁት።

የቅስቱ ርዝመት 161 ሴ.ሜ ገደማ ነው። አንድ ቁራጭ አይበቃም። የመጀመሪያው ንብርብር ከግራ 122 ሲደመር 39 ይሁን። ሁለተኛው ከግራ 39 ሲደመር 122። መገጣጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ላይ አይዋሉ፤ ከዋሉ እዚያ ላይ ይታጠፍና ቅስታችሁ ጥግ ያወጣል።

ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጫፎቹ በአጭር ሚስማር ምቱ። ከጫፍ ከጀመራችሁ መሃሉ ላይ አየር ይቀራል፤ በኋላ ኮንክሪቱ ራሱ ይገፋዋል። የሚስማሩ ራስ ከፕላይውዱ እኩል ይግባ።

ራዲየሳችሁ ከ60 ሴ.ሜ ካነሰ ባለ 6 ሚ.ሜውን ተዉት። ባለ 4 ሚ.ሜ ሦስት ንብርብር አድርጉ፤ በኮርቻው ራዲየስ ላይ የሚጨመረው ያው 1.2 ሴ.ሜ ነው።

ደረጃ 6፦ ፎርሙን ግጠሙ

1. የጀርባውን ጣውላ አስቀምጡ። ሁለቱን ጎኖች ግጠሙ፤ ከጀርባው ጣውላ አልፈው 12 ሴ.ሜ ገደማ ጆሮ ይውጣላቸው። በጆሮው ላይ ከኋላ ቁራጭ ሞራሌ በብሎን እሰሩ። በጣውላው ጫፍ ላይ የተመታ ሚስማር ብቻውን አይዝም፤ ይነቀላል።
2. ኮርቻውን ከጎኖቹ ፊት ግጠሙ። የጎኖቹ ጫፍ የኮርቻውን ዳር ይንካ።
3. ሰያፉን ለኩ። ከጀርባው ጥግ እስከ ተቃራኒው የጎን ጫፍ 180.3 ሴ.ሜ መሆን አለበት። ሁለቱ ሰያፎች ከ5 ሚ.ሜ በላይ ከተለያዩ ወደፊት አትሂዱ።
4. ችካሎቹን ምቱ፤ ሦስት ከጀርባ፣ ሁለት ሁለት ከየጎኑ፣ ሦስት ከኮርቻው ኋላ። ከፎርሙ አፍ (ከላይኛው ጠርዙ) በላይ አይውጡ። የችካሎቹ ሥራ እግሩ እንዳይንሸራተት መጠበቅ ብቻ ነው።
5. የውስጥ ፊቱን በስሱ ዘይት ቀቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ልማድ ሆኗል፤ ቧንቧ ሥር ግን አልመክርም። ኮንክሪቱን ያጠቁራል፣ አፈሩ ውስጥም ይገባል። ፌሮው ከመግባቱ በፊት ቀቡ፤ ዘይት የነካው ፌሮ ኮንክሪት አይይዘውም።
6. ላስቲክ አንጥፉ። ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሴ.ሜ ሰርታችሁ በጥቁር ሽቦ እሰሩ። ከፎርሙ ዳር 4 ሴ.ሜ ይራቅ፤ ከሥሩ 4 ሴ.ሜ ቁመት ባለው የሲሚንቶ ስፔሰር ላይ ይቀመጥ። ድንጋይ አትደግፉበት።

ደረጃ 7፦ ቀንበሮቹን ጫኑ

ስሙን ከበሬ ነው የወሰድኩት። የጀርባውን ጣውላና ኮርቻውን የሚያጣምድ ሞራሌ ነው። በሁለቱም ጫፎቹ ወደ ታች የሚወርድ ተረከዝ አለው። በአንዱ ተረከዝና በኮርቻው ጀርባ መካከል ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ ሲመታ ጣውላውንና ኮርቻውን ወደ ውስጥ ይስባል። አፈሩ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለም።

አሠራሩ፦ ከጀርባው ጣውላ ውጭ እስከ ኮርቻው ጀርባ 137.5 ሴ.ሜ ነው። በተረከዞቹ መካከል 141.5 ተዉ፤ የቀረው 4 ሴ.ሜ የሽብልቅ ቦታ ነው። ተረከዙ ከፎርሙ አፍ ወደ ታች 9 ሴ.ሜ ይውረድ። በሁለት ረጅም ሚስማር ምቱና በጎኑ የፕላይውድ ቁራጭ ለጥፉበት። ያለዚያ ተረከዙ ይገነጠላል።

ሦስቱን ቀንበሮች አንዱን መሃል፣ ሁለቱን ከመሃል 50 ሴ.ሜ ግራና ቀኝ አስቀምጡ። ሽብልቁ ከኮርቻው ቁመት መሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ ይግባ። የኮንክሪቱ ግፊት የሚበዛው ከታች ነው። ከላይ ብቻ የተጠበቀ ፎርም አፉን ጨብጦ እግሩን ይከፍታል።

ከማጥበቃችሁ በፊት ውስጡ መጠን ጠባቂ እንጨቶች አስገቡ። ለመሃሉ ቀንበር ልክ 125 ሴ.ሜ፣ ለግራና ቀኙ 114.5 ሴ.ሜ። እነሱ ከሌሉ ሽብልቁ ጣውላውን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፤ ያኔ ሌላ ዓይነት ጠማማ ስላብ አገኛችሁ።

የማጥበቅ ቅደም ተከተል፦

1. የመሃሉን ቀንበር በስሱ። ጣት እስኪይዝ ብቻ።
2. የግራና የቀኙን ቀንበር በስሱ።
3. ሰያፉን እንደገና ለኩ።
4. መሃሉን አጥብቁ፤ ከዚያ የግራና የቀኙን። ሁለቱን ሽብልቆች ከተቃራኒ አቅጣጫ ጥንድ አድርጋችሁ ምቱ።
5. መጠን ጠባቂው እንጨት በእጅ ሲነቃነቅ እምቢ ካለ በቃችሁ። ጉልበት አትጨምሩ።
6. ከእያንዳንዱ ሽብልቅ ኋላ ትንሽ ሚስማር ግማሽ ድረስ ምቱ። እንዳይመለስ።

ይሄ ሁሉ ከሙሊቱ በፊት ባለው ቀን ይጠናቀቅ። ማታ ጣውላውን ውሃ አጠጡት። ጠዋት ያብጣል፤ አንዳንዱ ሽብልቅ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ይላላል። ኮንክሪት ከመበጥበጡ በፊት ሁሉንም ዳግም ፈትሹ።

የእግር ፈተና፦ በየሁለቱ ቀንበር መካከል በጫማችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉ። ከተነቃነቀ አልተዘጋጀም። እግራችሁ ከኮንክሪቱ የበለጠ ይገፋል፤ ይሄን ከቻለ ያንን ይችላል።

በመጨረሻ ቀዳዳ ፈልጉ። ብርሃን የሚያሳልፍ ስንጥቅ ሁሉ የሲሚንቶ ውሃ ያሳልፋል፤ ጠጠሩም አግጦ ይቀራል። በውሃ የራሰ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ከውጭ ጠቅጥቁበት።

ደረጃ 8፦ ሙሊት

ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ያቦካል፣ አንዱ ይሞላል። ሦስተኛው መዶሻ ይዞ ሽብልቆቹን ብቻ ይመለከታል። «እሱ ቆሞ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ተዉት።

ልኬቱ፦ ውስጡ 50 በ40 በ18 ሴ.ሜ የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ውሃ ከ25 ሊትር አይብለጥ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ቀንሱ። ቀጥኖ እንደ ሾርባ የሚፈስ ኮንክሪት ለመሙላት ይመቻል፤ ግን በየስንጥቁ ይወጣል፣ ሲደርቅም ደካማ ነው። ስላቡ 0.18 ሜትር ኪዩብ ገደማ ስለሆነ ከሁለተኛው ከረጢት ይተርፋችኋል።

ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር እኩል ሙሉ። ባሬላውን አንድ ጎን ላይ አትድፉ፤ ጣውላው ላይም አታሳርፉ። በባለ 12 ፌሮ ጥጉንና ቅስቱን ጠቅጥቁ። የጣውላውን ውጭ በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ቀንበሩንና ሽብልቁን ግን አትንኩ። ለዚህ ውፍረት ቫይብሬተር አያስፈልግም። ጣውላውን ከነካ ሽብልቁን ሁሉ ያላላል።

ኮንክሪቱ ሲደርስ መጠን ጠባቂ እንጨቶቹን አንድ በአንድ አውጡ። ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ።

ለማስተካከል ቀጥ ያለ ሞራሌ ከጀርባ ጣውላ እስከ ኮርቻው አፍ ድረስ አጋድሙና በሁለት ቀንበሮች መካከል ሳቡ። የቀንበሩ ሥር ይቀራል። በመጨረሻ አንድ ቀንበር ብቻ አንሱ፣ ሥሩን አስተካክሉ፣ መልሱት፣ ሽብልቁን በስሱ መልሱ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ሁለቱን አንድ ላይ ማንሳት ክልክል ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር

ጎኑ ሲነፋ፦ ሙሊቱን አቁሙ። ሽብልቁን ብቻ መምታት አይመልሰውም፤ ኮንክሪቱ ተጠቅጥቆ ይዞታል። ከተነፋው ቦታ 30 ሴ.ሜ ያህል በአካፋ አውጡ፣ ጣውላውን መልሱ፣ አጥብቁ፣ መልሳችሁ ሙሉና ጠቅጥቁ። ኮንክሪቱ መጠንከር ከጀመረ ግን አትንኩት። ከተፈታ በኋላ ይጠረባል።

ከታች ሲያፈስ፦ ከውጭ እርጥብ ወረቀትና አፈር ጠቅጥቁ፣ በእግር እርገጡ። ከውስጥ አትነካኩ።

ተረከዝ ሲገነጠል፦ ቀንበሩን አታንሱ። እዚያው አጠገቡ ያለውን የፌሮ ችካል በሽቦ ከጣውላው ጋር ጠምዝዛችሁ ያዙ፤ ከዚያ ተጠባባቂ ቀንበር ጫኑ። አራተኛ ቀንበር ተሠርቶ ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው።

ዝናብ ሲመጣ፦ ሌላ ላስቲክ በቀንበሮቹ ላይ ዘርጉ። ድንኳን ይሆንላችኋል። ላዩ ላይ ውሃ ከቋተ ሲሚንቶ አትነስንሱበት፤ ውሃውን በሞራሌ ጠርጋችሁ አውጡ።

ጥንቃቄ ለራስ፦ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ጓንትና ቦቲ ይኑር። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹህ ውሃ አጥባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ መፍታት

ከ24 ሰዓት በፊት አትንኩ። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ ቀስ ብሎ የሚጠነክር) ከሆነ ወይም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቃዛ ሌሊት ከሞላችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ።

1. ሽብልቆቹን ከተቃራኒ በኩል መትታችሁ አውጡ፤ ቀንበሮቹን አንሱ።
2. የጎኖቹንና የጀርባውን ብሎን ፍቱ። ጣውላውን ከጫፉ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ሳቡ።
3. ኮርቻውን በቀጥታ ወደ ፊት ሳቡ። ካልወጣ በኮርቻውና በመሬቱ መካከል ሽብልቅ አስገቡ። የብረት ዘንግ ኮንክሪቱ ላይ አስደግፋችሁ አትፈንቅሉ፤ የቅስቱ ጠርዝ ገና ለጋ ነው፣ ይላጣል።
4. ባለ 6 ሚ.ሜው ፕላይውድ ኮንክሪቱ ላይ ከቀረ ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃል ላጡት።

ሚስማር የቀረበት ጣውላ መሬት ላይ አይጣል። ወዲያው ንቀሉ ወይም አጥፉ።

ስላቡን በጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ አድርጉት፤ ለፒፒሲ 10 ቀን ይሻላል። የበጋ ፀሐይና ነፋስ ጆንያውን በሁለት ሰዓት ያደርቀዋል፤ ላዩ ላይ ላስቲክ ደርቡበት፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት።